የጋፋት ኬሚስትሪ

ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ ያቺን ምዕራፍ ያውቃታል። ስለ ሴል ልማር ብሎ መጽሐፉን ሲገልጥ አቶም፣ ኤሌክትሮን፣ አዮኒክ ቦንድ፣ ኮቫለንት ቦንድ ተሰልፈው ይጠብቁታል። አብዛኞቻችን ለፈተና ሸምድደን አልፈናታል። እኔ ግን ይህችን ምዕራፍ አስተምር ብባል ከደብረ ታቦር ነበር የምጀምረው፤ ከከተማዋ አጠገብ ካለችው ከጋፋት።

አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ እንዲያቀልጡ ያደረጉት እዚያ ነው። ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ጓደኞቻቸው የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር፤ እንደ ሞሪትዝ ሆልና ቡርጎ ያሉ ደግሞ የእጅ ሙያ የነበራቸው ናቸው። የንጉሡን ትእዛዝ እምቢ ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ሞከሩ፣ አልሆነም፣ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ።

ለምን በነሐስ? አገሩ እኮ ብረት የሚሠሩ ቀጥቃጮች ነበሩት፤ በጎንደር አካባቢ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ችግሩ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። በከሰልና በወናፍ ብረትን አግሎ መቀጥቀጥ ይቻላል፤ እንደ ውኃ አቅልጦ ማፍሰስ ግን ሌላ ነገር ነው። መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣል። ቆርቆሮ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈስሳል። (ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን አይደለም፤ እሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። የምለው በ232 ዲግሪ የሚቀልጠውን ነጩን ብረታብረት ነው።)

መዳብ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም የውጭ ኤሌክትሮኑን ለጋራ ይለቃል። ኤሌክትሮኖቹ የማንም ሳይሆኑ በሁሉም መካከል ይንከራተታሉ፤ አቶሞቹን አንድ ላይ የሚይዛቸውም ይኸው የጋራ ሀብት ነው። ሜታሊክ ቦንድ የሚባለው እሱ ነው። ስለዚህ መዳብ ሲመታ አይሰበርም፤ የአቶሞቹ ድርድር ይንሸራተትና አዲስ ቦታ ላይ ያው ማሰሪያ ይጠብቀዋል። ግን በጣም ይለሰልሳል፣ ለመድፍ አይሆንም። የቆርቆሮ አቶም ከመዳብ አቶም ይተልቃል፤ በመካከል ሲገባ ድርድሩ እንደ ልቡ እንዳይንሸራተት ይደነቅረዋል። ነሐስን ያጠነከረው ይህ መደናቀፍ ነው። ሲበዛ ግን ጉዳት አለው፤ ቆርቆሮው ከልክ ካለፈ ነሐሱ ይሰባበራል። ለመድፍ የተለመደው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው።

አሁን በዚያው ዘመን ወደ ደብረ ታቦር ገበያ እንሂድ። እጃችን ላይ ከአፋር በረሃ በግመልና በአጋሰስ የመጣ አሞሌ ጨው አለ፤ ገንዘብ ነው። እዚህ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለጋራ አልለቀቀም፤ ለክሎሪን አስረክቦታል። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ሆነው ተሳስበው ተቀመጡ። አሞሌውን በመዶሻ ብትመቱት ድርድሩ ትንሽ ሲንሸራተት ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይገጥማል፤ ይገፋፋሉ፣ ፍርክስ። ዝናብ ከነካው ደግሞ የውኃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን አንድ በአንድ እየነጠሉ ይወስዷቸዋል። ነጋዴው ክረምት ላይ ሀብቱ ሲሟሟ የሚያየው በአዮኒክ ቦንድ ምክንያት ነው። ያው ሶዲየም አዮን ነው በነርቫችን ሽፋን ውስጥ እየገባ ምልክት የሚያስተላልፈው፤ ባዮሎጂ ተማሪው ምዕራፏ ለምን እንደተጫነችበት እዚህ ላይ ይገባዋል።

ኮቫለንቱን ባሩድ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ድኝና ከሰል። በናይትሬቱ ውስጥ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ኤሌክትሮን ተጋርተው ተያይዘዋል። እሳት ሲነካው ማሰሪያው ይፈታና ኦክስጅኑ ከካርቦን ጋር፣ ናይትሮጅን ከናይትሮጅን ጋር ይበልጥ የጠበቀ ማሰሪያ ይሠራሉ። ከዚህ ልዩነት የሚወጣው ጉልበት ነው ጋዙን ገፍቶ ድንጋዩን የሚያስወነጭፈው።

ይህን ሁሉ ጋፋት ላይ ማንም አያውቀውም ነበር፤ አውሮፓም እንዲሁ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ። ሜንዴሌየቭ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘው ከአድዋ ድል በኋላ ባለው ዓመት ነው። ሉዊስ አቶሞች ኤሌክትሮን እየተጋሩ እንደሚያያዙ የጻፈው ደግሞ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበት በ1916 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች «ይሠራል፣ ለምን እንደሚሠራ ግን አትጠይቀኝ» የምንላት ቀልድ አለችን። የጋፋት ነሐስ እንደዚያ ነበር።

ግን እውቀቱ ከማን ጋር ቀረ? እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ የሚወራው የንጉሡ ቁጣና ጉተታው ነው። በእርግጥ ጉተታውም ቀላል አልነበረም፤ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወጥተው፣ ገደል እየናዱ መንገድ እየሠሩ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። እዚያ የገጠማቸው ግን ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ የያዘ የእንግሊዝ ጦር ነበር። ከዚያ በኋላ የጋፋት ሠራተኞች ከናፒየር ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። የቅይጡ ልክ፣ የምድጃው አሠራር፣ የቅርጹ አደራረቅ (ቅርጹ ውስጥ እርጥበት ከቀረ እንፋሎት ሆኖ ነሐሱን ይበጣጥሰዋል) ሁሉም አብሯቸው ሄደ። ጋፋትን «የኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ መጀመሪያ» ማለት ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ። መጀመሪያ የሚባለው ተከታይ ሲኖረው ነው። ሥራው የአንድ ንጉሥ ፍላጎት ላይ የቆመ ነበር፤ ንጉሡ ሲወድቁ ምድጃውም ጠፋ። ብረት የሚያውቀውን የአገሩን ሰው ደግሞ ሕዝባችን «ቡዳ» እያለ ይሸሸው ነበር፤ ከእሱ ጋር ተቀምጦ ማን ይማር?

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ ምስሉ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ጋፋት ይባላል።