የቢልባኦ የወንዝ ዳርና ቤተ መዘክሩ

በሰሜን እስፓኒያ፣ በባስኮች አገር የምትገኘው የቢልባኦ ከተማ ስሟ በተነሣ ቁጥር ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያስበው በኔርቪዮን ወንዝ ዳር የቆመውን የጉገንሃይምን ቤተ መዘክር ነው። አንድ ሕንፃ ብቻውን የደኸየችን ከተማ ከሞት አስነሣ እየተባለ ስለ ተወራ፣ ብዙ ከተሞች በየወንዛቸውና በየባሕራቸው ዳር ዝነኛ ሕንፃ ለማቆም ተሽቀዳድመዋል። ታሪኩ ግን ከሚወራው የረዘመና የመረረ ስለሆነ ከሥሩ ጀምሮ መመልከቱ የተገባ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ቢልባኦ በ1300 ዓ.ም. የተቆረቆረች የነጋዴዎች ከተማ ናት። ሀብቷ የበዛው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ከአካባቢዋ ተራሮች የሚቆፈረው የብረት ማዕድን በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር በተጋዘ ጊዜ ነው። ከዚህ ንግድ ባንኩ፣ የብረት ማቅለጫውና የመርከብ መሥሪያው ተወለዱ። በዚያ ዘመን ወንዙ የከተማዋ የሥራ መንገድ እንጂ ጌጧ አልነበረም። መርከቦች እስከ መካከሏ ድረስ እየገቡ ጭነታቸውን ያራግፉ ነበር፤ የፋብሪካውም ዝቃጭ የቤቱም ፍሳሽ በዚያው ይለቀቅ ስለ ነበር ውሃው ለዓሣ የማይመች ሆነ። ሕዝቡም ግማቱን እንደ እንጀራው ዋጋ ቆጥሮ ችሎት ኖረ።

ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የብረትና የመርከብ ሥራ በአውሮፓ ሲደክም፣ እንጀራው ጠፋና ግማቱ ብቻ ቀረ። በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ኃይለኛ ጎርፍ የከተማዋን አሮጌ ሰፈር አጥለቀለቀው። በሚከተለውም ዓመት ኤውስካልዱና የሚባለው የመርከብ መሥሪያ ሊዘጋ ነው በተባለ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ከፖሊስ ጋር ለብዙ ሳምንታት ተጋጩ፤ አንድ ሠራተኛም ሞተ። መሥሪያው በ1988 ዓ.ም. ፈጽሞ ተዘጋ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል እዚህ ላይ ነው። ወንዙን የሚያጠራው የፍሳሽ ማስወገጃ ዕቅድ የጸደቀው በ1979 ዓ.ም.፣ ማለት ቤተ መዘክሩ ከመታሰቡ ከዐሥር ዓመት በፊት ነው፤ የፈጀውም ገንዘብ ከቤተ መዘክሩ ወጪ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ወደቡ ወደ ባሕሩ አፍ ወረደ። በ1992 ዓ.ም. የእስፓኒያ መንግሥትና የባስክ ባለሥልጣኖች እኩል በእኩል ሆነው ቢልባኦ ሪያ 2000 የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ እርሱም የባዶውን ወደብና የባቡር ሜዳ መሬት እያስተካከለ ይሸጥ፣ ከሽያጩም ባገኘው ገንዘብ ሐዲዱን ከመሬት በታች ያስገባና መናፈሻ ያሠራ ነበር። የምድር ውስጡ ባቡር በ1995 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እነዚህ ሁሉ ከመሬት በታች ያሉ ነገሮች ናቸውና ለፎቶግራፍ አይመቹም።

የባስክ መንግሥት ከአሜሪካኑ የጉገንሃይም ድርጅት ጋር ተዋውሎ፣ ለሕንፃው ብቻ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል በተስማማ ጊዜ፣ ሥራ አጡ ሕዝብ አጉረመረመ፤ የአገሩ ሠዓሊዎችም ገንዘባችን ለባዕድ ስም ዋለ ብለው ተቃወሙ። ቅሬታቸው ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም። ፍራንክ ጌሪ የነደፈው ሕንፃ ሊመረቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 13 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ኤታ የተባለው የታጣቂዎች ድርጅት አባሎች አበባ ተካይ መስለው ፈንጂ በአበባ ማሰሮ ውስጥ ሊያስገቡ ሲሞክሩ፣ ቼማ አጊሬ የተባለ የባስክ ፖሊስ ተጠራጥሮ ቀረባቸው፤ እነርሱም ተኩሰው ገደሉት። በቤተ መዘክሩ ፊት ያለው አደባባይ ዛሬ የሚጠራው በስሙ ነው። ከተመረቀም በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ጎብኚ መጣ፤ ይህን ያህል የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ሆኖም በመርከብ መሥሪያው ብረት ሲበይድ የኖረው ሠራተኛ የቤተ መዘክር አስጎብኚ አልሆነም፤ አዲሱ ሥራ ለሌላ ትውልድና ለሌላ ሙያ ነበርና። መሥሪያው በነበረበት ሥፍራ በ1999 ዓ.ም. የሙዚቃና የጉባኤ አዳራሽ ተከፈተ፤ ከጎኑም በ2003 ዓ.ም. የባሕር ቤተ መዘክር ተሠራ። በዚያ ከአሮጌው መሥሪያ የተረፈ ትልቅ ቀይ የዕቃ ማንሻ ክሬን ቆሟል። ካሮላ ይሉታል፤ በየቀኑ ወንዙን በጀልባ ትሻገር የነበረች፣ ሠራተኞቹም ሥራቸውን አቁመው ያዩዋት የነበረች የአንዲት ቆንጆ ሴት ስም ነው ይባላል።