ዜና ብራዮዞዋ ዘባሕረ ግብጽ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1798 ዓ.ም. ናፖሊዮን ቦናፓርት ሠራዊቱን በመርከብ አሳፍሮ ወደ ምድረ ግብጽ ዘመተ። ሊቃውንትንም አስከተለ፤ ከእነርሱም አንዱ የ21 ዓመቱ ጁል ሴዛር ሳቪኚ ነበረ። እርሱም ከሜዲትራኒያንና ከቀይ ባሕር እንስሳትን ሰበሰበ፤ በመካከላቸውም በድንጋይና በባሕር ሣር ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ብራዮዞዋ ነበሩ። እነዚህ ፍጥረታት በማኅበር የሚኖሩ፣ እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጡ፣ ብዙዎቹም የኖራ ቤት የሚሠሩ ናቸው። ዝርያ ከዝርያ የሚለየው በቤቱ በር ቅርጽ፣ በግድግዳው ቀዳዳዎች፣ በእሾሁና ሽሉ በሚያድግበት ጓዳ ነው። ሳቪኚም ወደ ፓሪስ ተመልሶ ይህን ሁሉ በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ እጅግ ያማሩ ሥዕሎችንም አሠራ። ነገር ግን ዓይኑ ታመመ፤ ብርሃን መቋቋምም ተሳነው፤ ሥዕሎቹም ያለ ስም ቀሩ። ሥራው ለቪክቶር ኦዱዋን ተሰጠ፤ ኦዱዋንም በ1826 ሥዕሎቹን እያየ ለዝርያዎቹ ስም አወጣ።

በዚሁ ዘመን ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች፣ ሄምፕሪክና ኤሬንበርግ፣ በግብጽና በቀይ ባሕር ይዞሩ ነበር። ሄምፕሪክ በ1825 በምፅዋ በንዳድ ሞተ። ኤሬንበርግ ግን ስብስቡን ይዞ በርሊን ገባ፤ በ1831ም እነዚህን እንስሳት ከኮራል እንስሳት ለይቶ ብራዮዞዋ ብሎ ሰየማቸው፤ የኮራል እንስሳ ሆድ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሲኖረው የእነዚህ አንጀት መግቢያና መውጫ አለውና።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ አዲስ ዝርያ ተገኘ የሚባለው ከባሕር በወጣበት ቀን እንዳልሆነ ነው። ስሙ ከተቀመጠ ናሙናና ከታወቀ ቦታ ጋር እስካልታሰረ ድረስ ግኝቱ ጎዶሎ ነው። የኦዱዋን ስሞች ያረፉት በሥዕል ላይ ነው፤ ሥዕሉም የተሣለው ፍጥረት ከየትኛው ባሕር እንደ ወጣ አይናገርም። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፍቶ ሁለቱ ባሕሮች ተገናኙ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ የቀይ ባሕር እንስሳት ወደ ሜዲትራኒያን ተሻገሩ። ዛሬ ተመራማሪ አንዱን ብራዮዞዋ በሜዲትራኒያን ቢያገኝና ነባር ነው ወይስ መጤ ብሎ ቢጠይቅ፣ ከቦዩ በፊት የተሠራው ያ ድንቅ ሥዕል ምስክር ሊሆነው በተገባ ነበር፤ ነገር ግን ቦታው አልተጻፈበትምና ዝም ይላል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቃል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር በቀረ ነበር።

ከኦዱዋን ስሞች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ጸንተዋልና ሥዕሉ በቂ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሳቪኛዬላ ላፎንቲ ዛሬም ኦዱዋን ባወጣላት የዝርያ ስም ትጠራለች፤ ወገኗንም ተመራማሪው ሌቪንሰን በ1909 ለሳቪኚ ክብር ሰይሞታል። ሆኖም እርሷ የጸናችው መልኳ ከሌሎች ጎልቶ ስለሚለይ ነው። እርስ በርስ በሚመሳሰሉት ዘንድ ግን ሥዕሉ ያላሳየውን ቀዳዳ ማንም ተመልሶ ሊቆጥረው አይችልም። የእንስሳት ስያሜ ሕግም ናሙና ሲጠፋና ክርክር ሲነሣ ሌላ ናሙና በምትኩ እንዲመረጥ የሚፈቅደው ስለዚህ ነው።

ሌላውም፣ ዲ.ኤን.ኤ. ከመጣ ወዲህ የኖራ ቤት መቁጠር ከንቱ ነው ይላል። ተመራማሪዎቹ ጃክሰንና ቺታም በ1990 እንዳሳዩት ግን፣ በካሪቢያን ብራዮዞዋ በቤታቸው ቅርጽ የተለዩት ዝርያዎች በዘር ምርመራም ተለይተው ተገኝተዋል። ተቃራኒ ምስክርም አለ፤ በካሊፎርኒያ ጠረፍ አንድ ዝርያ ስትባል የኖረችው ቡጉላ ኔሪቲና በ1999 በዘር ስትመረመር የጥልቁ ውሃና የዳርቻው ተለያዩ፤ ለካንሰር መድኃኒትነት የተጠናው ብራዮስታቲን የተባለው ንጥረ ነገርም በሁለቱ አንድ ዓይነት አልሆነም። እንግዲህ ቅርጹም ዘሩም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም የሚመረመሩት ከአንዱ ከተጠበቀው ናሙና ነው። ስለዚህ ከቀይ ባሕርም ሆነ ከሌላ ባሕር ብራዮዞዋ የምትሰበስቡ ሁሉ፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ጻፉ፤ ናሙናውንም ሌላው ሊያየው በሚችልበት ቤተ መዘክር አኑሩ።