ከአሞሌ ጨው እስከ ቢትኮይን፦ ገንዘቡን የመረመረ አይታለልም



ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ዕዳ ስላለብኝ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚሁ ካኩማ ከክፍል ስወጣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ ጠበቀኝ። «ቲቸር፣ ቢትኮይን ምንድን ነው?» አለኝ። ቸኩዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አላውቀውም ነበር። «የኮምፒውተር ገንዘብ ነው፤ አንተ ለፈተናህ አንብብ» ብዬው ሄድኩ።

ልጁ ግን የጠየቀኝ በምክንያት ነው። እናቱ ቡና እየሸጡ ያጠራቀሙትን ገንዘብ፣ «በቢትኮይን በሁለት ሳምንት እጥፍ አደርግልዎታለሁ» ላላቸው ሰው በስልክ ሊልኩ ነበር። ላኩም። ሰውየው ስልኩን ዘጋ፣ ገንዘቡም በዚያው ቀረ። ሰውየው ከቢትኮይን የተዋሰው ስሙን ብቻ ነበር። እኔ ያን ቀን አሥር ደቂቃ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁትም ነገር ለእኛ አካባቢ ፍጹም አዲስ አይደለም። በአፍሪካ ቀንድ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በየጊዜው ከጉዳት የተረፈው ግን የያዘውን ገንዘብ መመርመር የሚያውቅ ሰው ነው። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨውና ጠገራ ብር

አክሱም ከሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምሮ የራሷን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ትመታ ነበር። ቆየት ብለው በወጡ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። እንግዲህ ገንዘብ የሚሠራው ሕዝብ ሲቀበለው መሆኑን ነገሥታቱም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የአክሱም ሳንቲም ከቆመ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ካገለገሉት ገንዘቦች ዋናው አሞሌ ጨው ነው። ከአፋር ረባዳ ምድር እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ተቀባዩም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የተሰበረ ወይም የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይቀነሳል።

ቀጥሎ የመጣው አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉት ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ግን ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬና ነጋዴ እንኳ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ይቆጥር ነበር። ነጥቡ ከጎደለ ወይም ከፈዘዘ አይቀበልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ አስመትተው ሲያስመጡ እንኳ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ የለመደውን ጠገራ መረጠ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዕንቁ ይቆጥር ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

መዝገቡን ማን ይይዛል?

የወረቀት ገንዘብ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ወረቀት በራሱ ዋጋ የለውም፤ ዋጋውን የሚሰጠው ያወጣው ባንክና ከጀርባው ያለው መንግሥት ነው። ይህ ለስደተኛ ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ኤርትራ በ2015 መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በመስከረም 2020 የገንዘብ ኖት ሲለውጡ የተሰጠው ጊዜ በሳምንታትና በጥቂት ወራት የሚቆጠር ነበር። አገር ቤት ያለ ሰው ባንክ ሄዶ ለወጠ። በስደት ሆኖ አሮጌውን ኖት በሻንጣው የደበቀ ግን ወረቀት ታቅፎ የመቅረት አደጋ ነበረበት።

ጎረቤታችን ሶማሊያ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። በ1991 መንግሥት ሲፈርስ ማዕከላዊ ባንኩም አብሮ ፈረሰ። የሚገርመው፣ ሽልንጉ አልሞተም፤ ሰዎች መገበያየታቸውን ቀጠሉ። ነገር ግን ነጋዴዎችና የታጠቁ ቡድኖች ውጭ አገር እያሳተሙ አስገቡ። የ1000 ሽልንግ ኖት ዋጋ ወርዶ ወርዶ ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም፣ ማለትም የማሳተሚያ ወጪው አካባቢ ደረሰ። ከዚህ የምንማረው፣ መንግሥት ባይኖርም ገንዘብ ሊሠራ እንደሚችል፣ መጠኑ ካልተገደበ ግን እንደሚረክስ ነው።

ሐዋላንም እንይ። ሐዋላ የሚቆመው በመተማመንና በሁለት መዝገቦች ላይ ነው። አንዱ ሚኒሶታ ይመዘግባል፣ ሌላው ዳዳብ ይከፍላል፤ ሒሳቡን በኋላ ይተሳሰባሉ። ፈጣንና ርካሽ ነው። ቢሆንም መዝገቡ በጥቂት ሰዎች እጅ ስለሆነ በአንድ ትእዛዝ ሊዘጋ ይችላል። በኅዳር 2001 አሜሪካ ትልቁን የሶማሌ ሐዋላ ድርጅት አል ባረካትን ዘጋች። በሚያዝያ 2015 ከጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ጥቃት በኋላ ኬንያ 13 የሐዋላ ድርጅቶችን አገደች፤ እገዳው የተነሳው በሰኔ ነው። በእነዚያ ወራት ከዘመድ በምትመጣ ገንዘብ የሚኖረው ቤተሰብ ምንም ሳያጠፋ ተቸገረ።

በመጋቢት 2007 ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ ሲጀምር ለብዙ ሰው እፎይታ ሆነ። በ2015 ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ባምባ ቻኩላ በሚባለው አሠራር ካኩማ ውስጥ ከራሽኑ ከፊሉን በስልክ መክፈል ጀመረ። ይሁንና መስመር ለማስመዝገብ መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያ ያላገኘ ሰው በወዳጁ ስም በወጣ መስመር ይጠቀማል፤ ከተጣሉ ማን ይዳኛል? በሩ ተከፈተ፣ ቁልፉ ግን አሁንም ሌላ ሰው እጅ ነው።

ሁሉም ግልባጭ የያዘበት እቁብ

ቢትኮይንን ለመረዳት እቁብን አስቡ። እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው። ጸሐፊው መዝገቡን ቢያጠፋ ወይም ቢደልዝ ጭቅጭቅ ይነሳል። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ እቁብተኛ የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ ቤቱ ቢያስቀምጥና አዲስ ክፍያ በተመዘገበ ቁጥር ሁሉም ቢያመሳክር ብላችሁ አስቡ። አንዱ ቢደልዝ ሌሎቹ ወዲያው ያውቁበታል።

ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የጻፈ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ወይም ቡድን ይህን ሐሳብ ለኮምፒውተር የሚሆን አድርጎ ጥቅምት 31 ቀን 2008 አቀረበ። ወቅቱ በአሜሪካና በአውሮፓ ትልልቅ ባንኮች የተናጉበት ነበር። ጥር 3 ቀን 2009 የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን ለመጻፍ የሚወዳደሩት ኮምፒውተሮች፣ ማይነር የሚባሉት፣ አዲስ ቢትኮይን ይሸለማሉ። ሽልማቱ በ2009 በገጽ 50 ነበር፤ በ2012፣ በ2016፣ በ2020 እና በ2024 በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ 3.125 ደርሷል። ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም። አንዱ ቢትኮይን 100 ሚሊዮን ሳቶሺ ስለሚሆን በትንሽ በትንሹም መጠቀም ይቻላል።

ከሶማሊያው ሽልንግ ጋር አነጻጽሩት። ያኔ ሽልንጉ መንግሥት ከጀርባው አልነበረውም፤ ቢትኮይንም የለውም። ሽልንጉን ማተሚያ ቤት ያገኘ ሁሉ አበዛው፤ ቢትኮይንን ግን እንዲያ ማብዛት አይቻልም፤ ምክንያቱም መዝገቡን የያዙት በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች እያንዳንዷን ክፍያ ይመረምራሉ። ዕንቁ ቆጠራው ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ እንበል።

በአፍሪካ ምን ሆነ?

በጥቅምት 2020 በናይጄሪያ ወጣቶች የፖሊስ ጭካኔን ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ፣ ፌሚኒስት ኮአሊሽን የተባለው የሴቶች ቡድን ለተጎዱት እርዳታ ያሰባስብ ነበር። የባንክ ሒሳቡ ሲዘጋበት እርዳታውን በቢትኮይን መቀበል ጀመረ። በየካቲት 2021 ማዕከላዊ ባንኩ ባንኮች ከእንዲህ ዓይነት ግብይት እንዲርቁ አዘዘ፤ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ እገዳውን አላላ። የተዘጋ በር ሲያጋጥም ሌላ መንገድ መኖሩ ጥቅም እንዳለው ከዚህ እናያለን።

በሌላ በኩል የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በሚያዝያ 2022 ቢትኮይንን ሕጋዊ መገበያያ ብላ አወጀች። አብዛኛው ሕዝብ መብራትም ኢንተርኔትም አልነበረውም። ሕጉ በ2023 ተሻረ። አዋጅ ብቻውን ገንዘብ አያደርግም።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል የሚባል ኩባንያ ሰዎችን «በየወሩ ትርፍ» እያለ ከ29 ሺህ በላይ ቢትኮይን ሰበሰበ። በ2020 መጨረሻ ወደቀ። በ2023 የአሜሪካ ፍርድ ቤት በመሪው ላይ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። ያታለለው የቢትኮይን መዝገብ አልነበረም፤ ሰው ነው ያታለለው።

በመጨረሻም የአስተማሪዎቹ ሥራ አለ። በደቡብ አፍሪካ ሞሰል ቤይ ቢትኮይን ኢካሲ በ2021፣ በኬንያ ለሴቶች የሚያስተምረው ቢትኮይን ዳዳ በ2022 ተጀመሩ። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካዊው ክጎታትሶ ንጋኮ ማቻንኩራን ሠራ፤ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ፣ ኮከብና መሰላል ያለበትን ቁጥር በመደወል ቢትኮይን ለመላክ ያስችላል። ግን እዚህም መጠየቅ ደግ ነው፦ በእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት ቁልፉን የሚይዘው አገልግሎት ሰጪው ነው።

ነፃነቱ የቱ ጋ ነው?

«የገንዘብ ነፃነት» የሚለው ቃል ጆሮ ይስባል። እኔም አልጠላውም። ያለ መታወቂያ የሚከፈት፣ ድንበር የማያግደው ነገር ለስደተኛ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ለተማሪዎቻችን ሳንደብቅ መንገር አለብን።

አንደኛ፣ ዋጋው ይዋዥቃል። በኅዳር 2021 ወደ 69 ሺህ ዶላር የደረሰ አንድ ቢትኮይን ከዓመት በኋላ ከ16 ሺህ በታች ወረደ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ከ100 ሺህ አለፈ። የዚህን ተርም የዩኒፎርም ገንዘብ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 24 ቃላት ነው። ቃላቱን የጣለ ገንዘቡን ጣለ፤ ለሌላ ሰው ያሳየም አስረከበ።

ሦስተኛ፣ ሕግ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን አሳስቧል። ኬንያ ደግሞ በጥቅምት 2025 በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ድርጅቶች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አጽድቃለች። ያለንበትን አገር ሕግ ማወቅ ለእኛ ከማንም በላይ ያስፈልገናል።

ስለዚህ ትምህርቱ ከመግዛት ይቅደም። አንድም ሳቶሺ ሳይገዙ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ሁሉንም ማስተማር ይቻላል። እኔ አሁን በክፍሌ እንዲህ አደርጋለሁ፦ አሥር ተማሪዎች የአንድ እቁብ መዝገብ በየደብተራቸው ይይዛሉ፤ አንዱ በድብቅ ይደልዛል፤ ሌሎቹ ፈልገው ያገኙታል። አርባ ደቂቃ ይበቃል።

ባለፈው የዚያን ልጅ እናት ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። «አንተ ልጄ፣ እኔ ጥሬ ቡና እንኳ ሳልዘግንና ሳላሸት አልገዛም» አሉኝ፤ «ያንን ግን በምን ላሽትተው? ማሽተቻውን ያስተማረኝ የለም።» ገንዘባቸው አልተመለሰም። ልጃቸው ግን አሁን ከእኔ ጋር ሆኖ ለታናናሾቹ ያስረዳል። ዕዳዬን በዚህ ልክፈል ብያለሁ።

ለክፍል ውይይት

1. 1000 ሽልንግ በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆን በ26ኛው እጥፍ፣ ማለትም በዓመቱ ስንት ይሆናል? (መልስ፦ ከ67 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ።) እንዲህ የሚያተርፍ ሰው የእናንተን 1000 ሽልንግ ለምን ይፈልጋል?

2. በአሞሌ፣ በጠገራ ብር፣ በሐዋላ፣ በኤም-ፔሳና በቢትኮይን፦ መዝገቡን ወይም ዋጋውን የሚጠብቀው ማነው? መዝጋትስ የሚችል አለ?

3. አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤት ያሉ አዛውንቶችን ጠይቁ፦ በዘመናቸው ሐሰተኛ ገንዘብን እንዴት ይለዩ ነበር? መልሱን ጽፋችሁ አምጡ።