ሃሽታግ ለሱሺ ቤት ምኑ ነው?
ሃሽታግ ከቃል ፊት # በማስቀደም ተመሳሳይ ጽሑፎችንና ፎቶዎችን በአንድ ቦታ የሚሰበስብ መለያ ነው። ሐሳቡን በ2007 እ.ኤ.አ. ለትዊተር ያቀረበው ክሪስ ሜሲና ያሰበው ወሬን በየፈርጁ መለየት ነበር፤ ምግብ ቤቶች ግን መፈክር አደረጉት። በሎስ አንጀለስ ሊትል ቶኪዮ ያለ ሱሺ ቤት #ሱሺ ብቻ ብሎ ቢለጥፍ ከዓለም ፎቶ ጋር ይደባለቃል፤ የሚያየውም አብዛኛው ለእራት የማይመጣ ሰው ነው። #ሊትልቶኪዮሱሺ ቢል ተመልካቹ ይቀንሳል፣ የሚመጣው ግን ከዚያ ውስጥ ነው። «ሰፊው መለያ ስም ያስጠራል» የሚሉ አሉ፤ ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት ይሆን ይሆናል፣ ጥቂት ወንበር ላለው ቤት ግን ስም ብቻ ኪራይ አይከፍልም።

«ዛሬ ለተመልካች የሚታየውን የሚመርጠው የመድረኩ አልጎሪዝም ነው» ለሚሉም፦ እውነት ነው፤ ቢሆንም ፈላጊ አሁንም የሚጽፈው ቃል ነው። ስለዚህ መለያው ከሳህኑ ጋር ይስማማ። ሱሺ በኮምጣጤ የተቀመመ ሩዝ ያለበት ነው፤ ያለ ሩዝ የሚቀርበው ጥሬ ዓሣ ሳሺሚ ይባላል፣ መለያውም #ሳሺሚ ነው።