ከቃሬዛ እስከ አምቡላንስ፦ መንገድ የመልቀቅ ታሪክ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ ንግግር እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን መንገድ ዘግቶ ስለሚቆም መኪና ነው። ነገሩን የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ብቻ አድርገን ስለምናየው ከታሪክ ጋር አናያይዘውም። እኔ ግን የአደጋ ጊዜ መተላለፊያ እንደ መሬትና እንደ ውኃ ሁሉ ትውልድ ለትውልድ የሚያስረክበው የጋራ ሀብት ነው እላለሁ። ይህ ሀብት ማንም ሳያፈርሰው እንዴት እንደሚያልቅ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

ከቃሬዛ ልጀምር። ሞተር ባልነበረበት ዘመን፣ በብዙ የገጠር ቀበሌዎችም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፣ ሕመምተኛም ሆነ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሕክምና የሚደርሱት በሰው ትከሻ ነበር። ወጉ የታወቀ ነው። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ሲመጡ መንገደኛው ዳር ይይዛል፤ ጉልበት ያለው ደግሞ ትከሻውን ያውሳል። «ዘመዴ አይደለም» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የእግር መንገዱ ጠባብ ነበር፤ የሚያሰፋው የመንገደኛው ምግባር ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ሐይቁ ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውኃ ስለሚመጥ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለታንኳው ጉዞውን ሲጨርስ ታንኳውን ከውኃው አውጥቶ ያደርቀዋል። ምክንያቱ የዕቃው ጠባይ ነው፤ ውጤቱ ግን ለሚቀጥለው ታንኳ መድረሻ መተው ነው። መኪና ይህ ጠባይ የለውም። መንገድ ላይ ቢያድር አይበሰብስም፣ አይከብድም፣ ባለቤቱንም አይጎዳም። ደንገል ያስገድድ የነበረውን ብረት አያስገድድም። ክፍተቱን መሙላት የነበረባቸው ሕግና ልማድ ናቸው።

ወደ ከተማችን እንምጣ። ባሕር ዳር ዘመናዊ መልኳን የያዘችው በ1950ዎቹ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ተቋቋሙ። ከዚያም ማክስ ጉተር በተባሉ ጀርመናዊ የከተማ ፕላን ባለሙያ መሪነት ማስተር ፕላን ተዘጋጀላት። ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቃቸው ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ያኔ ለነበሩት ጥቂት መኪኖች የተትረፈረፉ ነበሩ። ይህ ትርፍ ስፋት ግን ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ገና ላልተወለደ ሰው የተቀመጠ ተቀማጭ ነበር። ከተማዋ በ1984 ዓ.ም. የክልል ርእሰ ከተማ ከሆነች በኋላ ሕዝቧ በዛ፣ ንግዷ ደራ፣ ባጃጁም የጭነት መኪናውም በረከተ። ማንም ዘንባባውን ሳይቆርጥ፣ ማንም አጥሩን ሳይገፋ፣ መንገዱ ጠበበ።

እንዴት ጠበበ? ቀላል ስሌት እንሥራ። 7 ሜትር ስፋት ባለው የውስጥ መንገድ ግራና ቀኝ መኪና ቢቆም፣ እያንዳንዱ ከነክፍተቱ 2 ሜትር ያህል ይወስዳል፤ የሚተርፈው 3 ሜትር ነው። የእሳት አደጋ ተሽከርካሪ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ያልፋል ልንል እንችላለን። ነገር ግን ቱቦውና መሣሪያው የሚወጣው ከጎኑ ነው፤ ባለመሰላሉ ተሽከርካሪ ደግሞ የጎን ድጋፍ እግሮቹን ሳይዘረጋ መሰላሉን በደኅና ማንሣት አይችልም። አምቡላንስም ከኋላው ቃሬዛ የሚያወጣበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ «ማለፊያ ትቻለሁ» የሚለው አሽከርካሪ ማለፊያ እንጂ መሥሪያ አልተወም።

በባሕር ዳር ይህን ይበልጥ የሚያከብደው ዐባይ ነው። ሁለቱ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን፣ ከወንዙ ወዲህ ናቸው። ከዐባይ ማዶ የሚመጣ ሕመምተኛ ድልድይ መሻገር አለበት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያ ድልድይ አንድና ጠባብ ነበር፤ አንድ ከባድ መኪና መካከሉ ላይ ቢቆም ከተማዋ ለሁለት ትከፈላለች። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ ድልድይ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም የ43 ሜትር ድልድይ ያሻገረውን አምቡላንስ አንድ የቆመ መኪና የሰፈር መግቢያ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። የጉዞ ፍጥነት የሚለካው በጠባቡ ቦታ ነው።

የእናቶችን ሞት ያጠኑት ሲሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜን እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1994 ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። አገራችን ወደ ወረዳዎች አምቡላንስ ያሠራጨችው በተለይ ሁለተኛውን ለማሳጠር ነው። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈስሳት እናት ካልታከመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በዚህ ስሌት ውስጥ ሩብ ሰዓት ጥቂት ጊዜ አይደለም።

ከከተማችን ውጭ ያለውንም እንይ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ ከባድ ቃጠሎ ተነሣ። የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ አለመመቸት የማጥፋቱን ሥራ እንዳከበደው የከተማዋ አስተዳደር ገልጿል። ጥፋቱን ሁሉ በቆመ መኪና ማላከክ ትክክል አይሆንም። መርካቶን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲቀይሱት ያልነበረ ሕንፃ፣ ሸቀጥና ጭነት ተደራርቦበታል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ለንግድ የተሸራረፈ መንገድ ንግዱን ራሱን ያስበላል።

በደቡብ ኮሪያ ጄቾን ከተማ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አንድ የስፖርት ማእከል ተቃጥሎ 29 ሰዎች ሞቱ። ሕግ ጥሰው የቆሙ መኪኖች ባለመሰላሉን ተሽከርካሪ አዘገዩት፤ የሕንፃው የአደጋ ጊዜ መውጫም በዕቃ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ የዋለው የሕግ ማሻሻያ፣ ሕግ ጥሶ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪን የዘጋ መኪና ሲነሣ ቢጎዳ ባለቤቱ ካሣ እንደማይከፈለው ደነገገ። ሕጉ የመጣው ከ29 ቀብር በኋላ መሆኑን ግን አትርሱ።

በእኛም አገር የትራፊክ ደንባችን አሽከርካሪ ለድንገተኛ አደጋ ተሽከርካሪ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህ ግን በመሠረቱ የሚሠራው መሪ ለጨበጠ ሰው ነው። ሳይረን የሚጮኸው ለሚሰማ ነው፤ የቆመ መኪና ጆሮ የለውም። ባለቤቱ ምናልባት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉዳዩን እየፈጸመ ነው። ስለዚህ ለአምቡላንስ መንገድ የሚለቀቀው አምቡላንሱ ሲመጣ ሳይሆን መኪናው በሚቆምበት ቅጽበት ነው። የቃሬዛው መንገደኛ ሕመምተኛውን አይቶ ዳር ይይዝ ነበር፤ የዛሬው አሽከርካሪ ግን ለማያየው ሕመምተኛ ዳር እንዲይዝ ይጠየቃል። ከነባሩ ምግባራችን አዲሱ ዘመን የሚጠይቀን ጭማሪ ይህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ ጉዳይ የታሪክ ባለሙያ ድርሻ አለው። የድሮውን ፕላን ከዛሬው ጎዳና ጋር አስተያዩ። የትኛው መግቢያ በየትኛው ዓመት ጠበበ? ማን ምን አገኘበት? የሐይቁ ዳር መንገድ፣ የገበያው ዙሪያ፣ የሆስፒታሎቹ መግቢያና የገዛ ግቢያችን በሮች ሁሉ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቁ ናቸው። ሽማግሌዎችንም ስለ ቃሬዛ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁ የችግር ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሥርዓት ታሪክም ነው። ለአስከሬን ቆመን መንገድ የምንለቅ ሕዝብ ነን። ያንኑ ክብር ገና በሕይወት ላለው ሰው ማስቀደም አያቅተንም።