አሳሳቹን ከሴረም ማውጣት

ካላ-አዛር በሊቦ ከምከም መስፋፋቱ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። በሽታው ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርዱ ሰዎች ዕጣ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ከደብረ ታቦር በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ወይና ደጋ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና ደም ማነስ ያለበትን ሰው ወባ ይዞታል ማለት ይቀል ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የያዙት መዝገብ ወረርሽኙ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጣሪያ መንካቱንና ከታከሙት 4 በመቶው መሞታቸውን ያሳያል። ችግሩ የመመርመሪያ እጥረት ብቻ ነበር የሚል ይኖራል። እኔ ግን የሚያሳስተውን ሳያስወግድ የሚሠራ ምርመራ ከግምት እምብዛም አይሻልም እላለሁ።

ለዚህ ምስክሩ በምሥራቅ አፍሪካ ለካላ-አዛር የሚሠራበት ዳት የተባለው ምርመራ ነው። ሰማያዊ የተቀባ ሙት ጥገኛ ተህዋስ ደረጃ በደረጃ ከቀጠነ ሴረም ጋር ጉድጓዳማ ሳህን ላይ ያድራል። ሲነጋ ከታች ጠርዙ ጥርት ያለ ነጥብ ከታየ ውጤቱ ነጋቲቭ ነው፤ እንደ ስስ ምንጣፍ ከተዘረጋ ፖዘቲቭ። ማቅጠኛው ውስጥ የሚገባው፣ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ኬሚካል፣ አይጂኤም የተባለውን ባለ አምስት ክፍል ፀረ እንግዳ አካል ይበታትናል። እሱ ባይበተን ኖሮ ምንጣፉ ያለ ካላ-አዛርም ሊዘረጋ ይችላል።

የደም ባንክ ሥራም ያንኑ ብልሃት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1945 ኩምብስ፣ ሞራንትና ሬስ ያስተዋወቁት ምርመራ ቀይ የደም ሴልን የለበሰውን ፀረ እንግዳ አካል ያጋልጣል፤ በአንዳንድ የካላ-አዛር ሕሙማንም ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ በሽታ ደም ማነስ በዋናነት ከጣፊያና ከመቅኒ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ትንሽ ነው ቢባል እውነት አለው። ደም የሚያዛምደው ባለሙያ ግን ከፊቱ ያለው የማነሱ ምክንያት ሳይሆን የሁሉንም ሰው የደም ሴል የሚያጣብቅ ሴረም ነው። ሕመምተኛዋ ደጋግማ የወለደች እናት ከሆነች ደግሞ በራሷ ሴል ላይ በተነሳው ሥር፣ ለሌላ ሰው ደም የተነሳ አደገኛ ፀረ እንግዳ አካል ተደብቆ ሊሆን ይችላል። እዚህ አሳሳቹ ብዙውን ጊዜ አይጂጂ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱም በዳቱ ኬሚካል ስለማይጠፋ የሕመምተኛዋ ሴል ይታጠባል፣ የለበሰው ይገፈፋል፣ ከሴረሟ ጋር በ37 ዲግሪ ይቆይና በሴንትሪፉጅ ይለያል። ሴሉ አሳሳቹን መጦ ሲወስድ የተደበቀው ይቀራል። ባለፉት 3 ወራት ደም ከወሰደች ግን የራሷ ሴል አይሆንም፤ የሌላው ሰው ሴል ተቀላቅሎበት የተፈለገውንም ጭምር ሊመጥ ይችላል።