ፈረስ የጣለው አክተር

ልጅ ሳለን ቪዲዮ ቤት ገብተን የካውቦይ ፊልም ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «አክተሩ የቱ ነው?» ብለን ነበር። እሱ ከታወቀ ልባችን ያርፋል፤ አክተር አይሞትማ! በካውቦይ ፊልም ይህን ልማድ ያስጀመረው ሰው ግን ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹ በአንዱ ላይ ሞቷል።

የትውልድ ስሙ ማክስዌል አሮንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 አሜሪካ፣ ሊትል ሮክ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ኋላ ጊልበርት አንደርሰን ተባለ። በ1903 ፊልም ሠሪው ኤድዊን ፖርተር «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» የተባለውን ፊልም ሊቀርጽ ሲነሣ ወጣቱን ፈረስ መጋለብ ይችል እንደሆነ ጠየቀው። «እችላለሁ» አለ። አልቻለም፤ ፈረሱ ጣለው።

ለእግረኛ የሚሆን ቦታ ግን አልጠፋም። ዘራፊዎቹ መንገደኞቹን ከባቡር አውርደው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አስነሥተው ደርድረዋቸዋል። ድንገት አንዱ ከሰልፉ አፈትልኮ ወደ ካሜራው ይሮጣል። ከኋላው ይተኮስበታል። እጆቹን አንሥቶ ይንገዳገድና ይደፋል። እሱ ነው።

12 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ያ ፊልም ሕዝቡን ጉድ አሰኘ። ሆኖም አክተር የለውም። ዘራፊውም አሳዳጁም ስም አልባ ነው፤ ተመልካች የማንን ወገን ይያዝ? አንደርሰን ይህን ክፍተት ማየቱ፣ ለእኔ፣ ከሠራቸው ፊልሞች ሁሉ ይበልጣል።

በ1907 ከጆርጅ ስፑር ጋር ሺካጎ ላይ ኤሳናይ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። መጋለቡንም ተማረ። ከዚያ እሱ ራሱ የሚጫወተው «ብሮንኮ ቢሊ» ተወለደ፦ ሽፍታ ነው፣ ልቡ ግን ሩኅሩኅ። በ1910 በወጣ አንድ ፊልም ላይ ማምለጥ እየቻለ የታመመ ሰው ለመርዳት ሲል ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ተመልካች ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ስም ፍለጋ ደጋግሞ ይመጣ ጀመር። ከ1912 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ናይልስ በምትባል ትንሽ የባቡር ከተማ ከትሞ አጫጭር ፊልሞችን በላይ በላዩ ቀረጸ። ቻርሊ ቻፕሊንም በ1915 ለዚሁ ኩባንያ እዚያው ሠርቷል።

በ1916 ድርሻውን ሸጦ ወጣ፤ ቀስ በቀስም ተረሳ። የክብር ኦስካር የደረሰው በ1958 ነው፣ 78 ዓመት ሲሞላው። በ1965 አንድ የካውቦይ ፊልም ላይ ለአፍታ ብቅ አለ። በጥር 1971 ሲያርፍ፣ ከባቡሩ አጠገብ ተተኩሶበት ከወደቀ 67 ዓመት አልፎት ነበር።